ጠርሙስ የሌለው አሲድ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለኑሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቀህ? እኛ ጋ ክረምቱ ገና ሳይገባ ጭቃው ቀድሞ ገብቷል። ከፌርማታው እስከ ቤት ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ቦት ጫማ የሌለው ሰው ሥራ አይሄድም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም ምላሳቸው እንደነበረ ነው። ሰው ስልኩን አንስቶ ራሱን ሲያነሳ ባዩ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ፎቶ ነው?» ይላሉ። ፎቶ ቤታቸውን ከዘጉ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣላቸውም።

ይህን ፖስታ ስትቀበል ምን ነካት ሳትል አትቀርም። ዛሬ ማን በወረቀት ይጽፋል? ከረመዳን ወዲህ በቴሌግራም የላክኩልህን ድምፅ ሁሉ ሰምተኸዋል፤ መስማትህ ይታየኛል። መልስ ግን የለም። እኔም ወረቀት የመረጥኩት ናፍቆት አቃጥሎኝ አይደለም። ወረቀት ላይ ይፈረማል፣ ለዚያ ነው። ፊርማ ለምን እንዳስፈለገኝ እስከ መጨረሻው ካነበብክ ይገባሃል። የአክስትህ ልጅ ረሻድ ልብስ ሊያመጣ ኢስታንቡል ስለሚሄድ፣ አንተ ያለህበት ኤስኪሼሂር ድረስ በባቡር ሄዶ በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰሀር መጣች። አዎ፣ የጎረቤታችን የሰብሪያ ልጅ፣ ያቺ ሰሀር። ዘጠነኛ ክፍል ሆና ነው የምታውቃት፤ አሁን አሥራ አንደኛ ናት፣ ቁመቷ እኔን አልፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጣ አታውቅም፤ እናቷ ከልክላታለች። በሩ ላይ ቆማ በአንድ እጇ የአስም መንፊያዋን፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። «ቲቸር፣ ይሄን አይተሽዋል?» አለችኝ።

አላየሁትም ነበር። አንተ ነህ። ነጭ ጋዋን ለብሰሃል፣ ጢምህን አሳድገሃል፤ ያምርብሃል፣ ሐሰት አላወራም። ከፊትህ የሻይ ብርጭቆ የምታክል ቢከር አለች፣ ከላይህ ደግሞ ጋዙን እየሳበ የሚያወጣ ማሽን። በአማርኛ ነው የምታወራው። በአባዬ የፎቶ ጨው፣ በሃይፖው ላይ አሲዱን ጠብ ጠብ አደረግክ፣ መብራቱን ከበስተኋላ አበራህ፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ጠለቀች። ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ከዚያ ቀይ። ሰባ ሺህ ሰው አይቶታል። መጨረሻ ላይ ፈገግ ብለህ እንዲህ አልክ፦ «አዲስ አበባ ሳስተምር ይሄን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ። ዋናው ጥንቃቄ ነው፤ አንድም ቀን ችግር ገጥሞን አያውቅም።»

አንድም ቀን! ይህን ስትል ሰሀር አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ደረቷ እያፏጨ። ኧረ ጉድ፣ ሰው እንዴት ይህን ያህል ይረሳል? ወይስ አልረሳኸውም፣ የምናስታውሰው ሰዎች ሩቅ ስለሆንን ነው?

ያን ጠርሙስ የሌለውን አሲድ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሃይፖውን ግን ካንተ በፊት ነው የማውቀው። በአባዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ያ የጨው ድንጋይ የሚመስል ነገር ፎቶውን ካላጸናው ምስሉ በብርሃን እንደሚጠፋ ፊደል ሳልቆጥር አውቄዋለሁ። አባዬ የሚሉን አንድ ነገር ነበር፦ ሃይፖና አሲድ ከተገናኙ መጀመሪያ በር ክፈቱ፣ ጥያቄውን በኋላ። ለምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም ነበር። የነገርከኝ አንተ ነህ።

ትዝ ይልሃል? ተማሪዎቹ ወጥተው እኔ ቴክኒሻኗ ላብራቶሪውን ስጠርግ፣ አንተ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ታዮሰልፈሪክ አሲድ» ብለህ ጻፍክ። «ይሄ አሲድ ስም አለው፣ ፎርሙላ አለው፣ ጠርሙስ ግን የለውም» አልከኝ። በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። ሃይፖ ላይ አሲድ ሲፈስ ለአንድ አፍታ ይወለዳል፣ ውሃ ውስጥ ግን መቆም አይችልም፣ ወዲያው ይፈርሳል። ድኙ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ደግሞ አፍንጫ እየሰነፈጠ ይወጣል። ሙሉውን አሲድ ማየት የፈለጉ ሰዎች ያለ ውሃ፣ በኢተር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች ሰባ ስምንት ዲግሪ አውርደው ነው የሚሠሩት፤ ትንሽ ሲሞቅ እሱም ይበተናል። እኔም «ታዲያ ለማይኖር ነገር ስም ማውጣት ምን አስፈለገ?» አልኩህ። ጠመኔው ከእጅህ እስኪወድቅ ሳቅክ። የወደድኩህ ያን ቀን ነው፤ አሁንም አልክደውም።

የግንቦት 2015ቱን የሳይንስ ቀን አንተ ስለረሳኸው እኔ ላስታውስህ። ከክፍለ ከተማ እንግዶች መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤቴል ካለው ካፌ የተዋስነው የዓሣ ማሳያ መስታወት፣ ሃይፖ የሟሟበት ውሃ ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጨለማ ያስፈልጋል ስላልክ መስኮቶቹ በጥቁር ወረቀት ተለጥፈዋል፣ በሩ ሥር ብርሃን እንዳይገባ አግዳሚ ወንበር ተደግፏል። አሲዱን የመጠንኩት እኔ ነኝ። በትንሿ ጠርሙስ ቀድቼ በቀይ እስክሪብቶ «ለትርኢት» ብዬ ጻፍኩባት። በዚያ መጠን ክፍሉ ቢዘጋ እንኳ ክብሪት የተጫረ ያህል ቢሸት ነው። ትልቁ ጠርሙስ የከሰዓት ተማሪዎች ነበር፤ ጥግ ላይ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ይህ ሁሉ መዝገቤ ላይ አለ።

ትንሿን ጨመርክ። ምንም አልታየም። ይህ ነገር ጊዜ ይፈልጋል፣ አንተም ታውቀዋለህ፤ ድኙ እስኪሰበሰብ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። «ቆይ፣ ይመጣል» አልኩህ በሹክሹክታ። አንተ ግን ዓይንህ እንግዶቹ ላይ ነው። አንዱ ስልኩን መነካካት ጀምሯል። ከኋላ የልጅ ድምፅ «ቲቸር፣ አይታየንም፣ ጨምርበት!» አለ። እጅህን ሰደድክና ትልቁን ጠርሙስ አንስተህ ገለበጥከው።

ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ያውም በችኮላ። ብርቱካን ሆነ፣ ቀላ፣ ወዲያው ውሃው ወተት ሆኖ ግድግዳው ጨለመ። ተጨበጨበልህ። ጭብጨባው ሳያልቅ ሳሉ ጀመረ። የፊተኞቹ ተነሥተው በሩ ላይ ተጨናነቁ፤ አግዳሚ ወንበሩን የሚያነሳ ጠፋ። ሰሀር መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነበረች። በዱካ የመስኮቱን መስታወት ሰብሬ አወጣኋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ቤቴል ክሊኒክ በባጃጅ፣ ከዚያ ሆስፒታል በአምቡላንስ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ኦክሲጅን። ሳንባዋ እንደቀድሞው አልሆነም፤ ሐኪሞቹም አይሆንም ብለዋታል።

በሦስተኛው ቀን ከዓሣው መስታወት ላይ ድኙን እየፋቅኩ ሳለ መጣህ። በሩን ዘጋህ። ደብዳቤው በኮምፒውተር ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። «ቴክኒሻኗ ለትርኢቱ ያዘጋጀችው የአሲድ መጠን ከሚገባው በላይ በመሆኑ» ይላል። ጥፋቴን እንኳ ራሴ እንድጽፈው አልተውክልኝም። «አንቺ ብትይው ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኔ ብለው የቱርክ ስኮላርሺፑ ይሰረዛል። ለሁለታችንም ነው፣ አልፊያ። በስድስት ወር ውስጥ እወስድሻለሁ» አልከኝ። እኔም ፈረምኩ። መስከረም ላይ ሄድክ። ስድስት ወሩ ይኸው ሃያ አንድ ወር ሆነ።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ከላብራቶሪ ወደ መጻሕፍት ግምጃ ቤት አዛወሩኝ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ፣ የተቀደደ መጽሐፍ እለጥፋለሁ። አባዬ ወሬውን የሰሙ ቀን «አንቺ? ሃይፖ ላይ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አንስተውብኝ አያውቁም። ከቅጣቱ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ይህንንም ሁሉ በሆዴ እይዘው ነበር። ሽምግልናውን ግን እስክሞት አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ ሰብሪያ ቤት ሲገቡ አንተ ከእነሱ ጋር ተቀመጥክ። እኔ በሩ ጋ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜያለሁ። «ባለቤቴ ሳታውቅ ነው ያጠፋችው፤ ስለ አላህ ብላችሁ ማሩልኝ» አልክ። እንባህም መጣ! ስለ እኔ ይቅርታ ለመንክልኝ፣ ኑሕ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ የሰብሪያን ጉልበት ሳምኩ። ስንወጣ ሽማግሌዎቹ ለሚስቱ እንዲህ የሚዋረድ ባል ዛሬ የት ይገኛል እያሉ ትከሻህን መታ መታ አደረጉህ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሰብሪያ ለአላህ ብዬ ትቼልሻለሁ፣ ደጄን ግን አትርገጪ አለችኝ። ይኸው በዒድ የሰፈሩ ሰሃን ከቤት ቤት ሲዞር የእኔን በር እየዘለለ ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ሰሀር ልመለስ። ቪዲዮው ሲያልቅ የተናደደች መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ነኝ ‹ጨምርበት› ያልኩት» አለችኝ። «ትልቁን ጠርሙስ ሲያነሳ በዚያ በብርቱካኑ ብርሃን እጁን አይቼዋለሁ። አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። የፈረምሽው እኔ እንዳልወቀስ ብለሽ ነው አይደል?»

ሰማህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ኖራለች። ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር የእጄን ነው ያገኘሁት እያለች። እናቷ እኔን ስትረግም እሷ ግድግዳው ወዲያ ሆና ራሷን ትረግማለች። ለእናቷ እንዳትናገር ፈርታለች፤ ለእኔ እንዳትናገር ውለታዬን የበላች መስሏታል። እኔ አንተን ለማዳን የፈረምኩት ወረቀት እሷን ለማዳን መስሏት ሲከብዳት ኖሯል። አስቀምጬያት፣ ልጅ ጨምሩልኝ ይላል፣ መጠኑን ማወቅ የትልቅ ሰው ሥራ ነው ብዬ ነገርኳት። ለአንቺ ብዬ አልፈረምኩም አልኳት። አላመነችኝም። «እንደዚያ ከሆነ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አለችኝ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። ይህን ስጽፍልህ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። ያን ጥቁር ወረቀት ከአባዬ ከተዘጋው ፎቶ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። በፕላስተር የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። አንተ መስኮቱን ብቻ ነው ያልከኝ። እኔ ግን ጣሪያው ሥር ባለችው የአየር ቀዳዳ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ብርሃን ሲገባ አየሁና ወንበር ላይ ወጥቼ እሷንም ደፈንኳት። የጨለማ ክፍል ልጅ ነኛ! ብርሃን ሲያፈስ ማየት አልችልም። አባዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ አየር የሚያወጣ የቆርቆሮ ቱቦ እንደነበር ስንት ጊዜ የተናገሩት በዚያች ቅጽበት ከአእምሮዬ ጠፋ። ለዚህ ነው ሳልከራከር የፈረምኩት። ቅጣት ይገባኛል ብዬ ነበር። አንተም ታውቅ ነበር፤ እስክሪብቶውን ስትሰጠኝ የተደፈነችውን ቀዳዳ ነው ቀና ብለህ ያየኸው።

እንግዲህ ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ፣ ጠርሙሱን የገለበጥከው አንተ። የእኔን እኔ እሸከማለሁ። ያንተን ግን ከዛሬ ጀምሮ አልሸከምልህም፤ ልጅቷም አትሸከምልህም።

ይህን ደብዳቤ ትናንት ለአባዬ አነበብኩላቸው፤ ማንም ሳይሰማ በፊት እሳቸው መስማት ነበረባቸው። የአንተ ጠርሙስ የጠበቁት ነገር ነበር። የእኔ ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «የአየር ማውጫውንም?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ላኪው፤ የቀዳዳዋንም ነገር ሳትቆርጪ» አሉኝ።

መዘዙን አውቃለሁ። እዚያ ዩኒቨርሲቲህ ጆሮ ይደርስ ይሆናል። ወዳጅ ዘመድ ባሏን አሳልፋ ሰጠች ይለኛል፤ ይበል። መፍታት ከፈለግክም ፍታኝ፤ ለእሱ እንኳ ቶሎ መልስ ትጽፍልኝ ይሆናል። ካሳ አልፈልግም፣ ወደ ላብራቶሪም መልሱኝ አልልም። ሰሀር የእጄን ነው ያገኘሁት ማለቷን እንድትተው ብቻ ነው የምፈልገው።

አንድ ጊዜ ጽፈህልኝ ነበር፤ ርቀቱ እንደ ብርድ ነው፣ ያን አሲድ እንደሚያቆየው እኛንም ያቆየናል ብለህ። ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ትራሴ ሥር ነበር። ብርድ ያቆየው ነገር ሲሞቅ ምን እንደሚሆን የነገርከኝም አንተው እንደሆንክ ያኔ አላሰብኩትም።

ረሻድ ግራጫ ሹራብ ይዞልሃል። የሠራሁት ባለፈው ክረምት ነው፣ እጅጌው ትንሽ ይረዝም ይሆናል። ብርድ እንደማትችል አውቃለሁ። በሶም አለበት፤ ረሻድ በመንገድ እንዳይበላው ቋጠሮውን ሰፍቼዋለሁ። የፈለግከውን ብታስብብኝ ሹራቡን ልበሰው።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ እናትህን በሰላም ያቆይልህ። ያሰብከውን ትምህርት በእውነት ለመጨረስ ያብቃህ። በምትሄድበት ሁሉ መስኮቱ የሚከፈት ክፍል ይስጥህ። አሚን።

ባለቤትህ
አልፊያ አዩብ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት፣ ከላብራቶሪው መዝገብ ገጽ 41 ቅጂ ጋር
ለወ/ሮ ሰብሪያ፣ በራቸውን አንኳኩቼ ራሴ የምሰጣቸው
ለተማሪ ሰሀር፣ አንቺ አይደለሽም